በሐጂ ኸሊል ስም የሚጻፉ ደብዳቤዎች

ሐጂ ኸሊል ያን ቀን ፈህሚያን ያገኟት እንዲያው በአጋጣሚ ነው። ከዙሁር ሶላት ወጥተው ወደ ጎንደር ፒያሳ ሽቅብ ሲያዘግሙ ጉልበታቸው አልታዘዝ ስላላቸው ከአንድ የተዘጋ ሱቅ ደረጃ ላይ ተቀመጡ። እሷ ከምታስተምርበት ኮሌጅ ወጥታ ባጃጅ ስትጠብቅ አየቻቸውና መንገዱን አቋርጣ መጣች። የሟች ጓደኛቸው የልብስ ሰፊው የሙስዓብ ልጅ ናት፤ ኮምፒውተር ተምራ ያንኑ ታስተምራለች። ጊዜው ሁለት ሺህ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ የኅዳር ወር ነበር።

«አሰላሙ ዓለይኩም አባባ። ምነው እዚህ ተቀመጡ፤ አመመዎት እንዴ?»

«ወዓለይኩሙ ሰላም ልጄ። ደኅና ነኝ፤ ድካም ነው።»

«የመንገዱ ነው?»

«የመንገዱስ ቢሆን አርፌ በተነሣሁ። የይቅርታ ድካም ነው። ያላጠፋሁትን ጥፋት ይቅርታ ስል ክረምቱ አልቆ በጋው ገባ።»

ሰው ባጠፋው ይቅርታ ሲል ሸክሙ ይቀልለታል። ባላጠፋው ሲል ግን ይቅርታው ራሱ ሌላ ሸክም ይሆንበታል። ሐጂ ኸሊል የገጠማቸው ይህ ሁለተኛው ነው። አባታቸው በንግድ ያተረፉትን ስም ወርሰው በከተማይቱ የእንግዳ ማረፊያ ከፍተዋል፤ ስሜን ተራራን በእግራቸው ሊያዩ የሚመጡ የውጭ አገር ሰዎችንም ከመሪና ከበቅሎ ጋር ያገናኛሉ። ዘመኑ ሲጠይቅ በቤቱ ስም ድረ ገጽ አሠሩ፤ ኢሜይላቸውም በዚያው ስም ሆነ። ችግሩ የመጣው በዚህ በኩል ነው። ማንነቱ የማይታወቅ አጭበርባሪ በእሳቸው ስም ለማያውቋቸው ሰዎች ሁሉ ደብዳቤ መላክ ጀመረ፤ አንዳንዱ ነውር ያለበት፣ አንዳንዱ ሲከፍቱት ኮምፒውተር የሚያበላሽ። ስድቡና ወቀሳው ግን የሚመለሰው ወደ ሐጂ ነበር።

ይህን ሁሉ ለፈህሚያ ነገሯት። እሷም እስከ መጨረሻው ሰማቻቸውና፣ «ይፍቀዱልኝና ቤት ድረስ መጥቼ ልየው» አለች። ሐጂ ተስፋ ኖሯቸው ሳይሆን የጓደኛቸውን ልጅ እምቢ ማለት ከብዷቸው እሺ አሉ።

ማረፊያው ሲደርሱ እንዳልካቸው በግቢው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ አገኙት። እንዳልካቸው የአዲ አርቃይ ገበሬ ነው፤ ተጓዦች ስሜንን አቋርጠው ወደ ቆላው ሲወርዱ ጓዛቸውን በበቅሎዎቹ የሚቀበለው እሱ ነው። ሌሊት ተነሥቶ በአውቶቡስ እንደመጣ ከልብሱ አቧራ ይታወቃል። ሐጂን ሲያይ ብድግ አለ።

«እንደምን ዋሉ አያ ኸሊል።»

«አልሐምዱሊላህ እንዳልካቸው። ተቀመጥ፣ ተቀመጥ።»

«ጀርመኖቹ ይመጣሉ ብለው ልከውብኝ አጨዳዬን ጥዬ መንገድ ዳር ከረምሁ» አለ እንዳልካቸው፣ ድምፁን ሳያነሣ። «አልመጡም። ያጨድሁትን ጤፍ ሳልከምረው ያለ ወቅቱ ዝናብ መጣና ሜዳ ላይ አበሰበሰው። ምነው አያ ኸሊል፣ እርስዎ እንዲህ ያለ ሰው አልነበሩም።»

ሐጂ የደረሰበትን ጉዳት እንደሚክሱት ሊነግሩት ሲጀምሩ እንዳልካቸው አቋረጣቸው።

«ለካሳ አልመጣሁም። ጎረቤቶቼ ‹የጎንደሩ ነጋዴ አታለለህ› ይሉኛል። አላታለልሁህም ይበሉኝና ልሂድ።»

ከእንግዳ መቀበያው ኮምፒውተር ኋላ የተቀመጠችው የቤቱ ሠራተኛ ሄለን አንገቷን ደፋች። ነገሩን የምታውቀው እሷ ናት። የጀርመኖቹ የተራራ ማኅበር በየዓመቱ በሐጂ በኩል የሚመጣ ነበር። አጭበርባሪው በሐጂ ስም የላከው ደብዳቤ የማኅበሩን ኮምፒውተር አበላሸ። ከዚያ በኋላ ከዚህ ቤት ስም የሚመጣ ደብዳቤ ሁሉ እዚያ ሳይነበብ ይጣል ጀመር፤ የእንዳልካቸው በቅሎዎች መታዘዛቸውን ለማኅበሩ የሚያረጋግጠው እውነተኛው ደብዳቤም አብሮ ተጣለ። ሰዎቹ ቁርጡን ሳይሰሙ ሲቀሩ ጉዞውን ሰረዙ፤ መሰረዛቸውን ለሄለን የነገሯት እሷው ስልክ ስትደውልላቸው ነው፤ ያኔም ረፍዶ ነበር።

«የይለፍ ቃሉን ደጋግሜ ቀይሬያለሁ» አለች ሄለን። «ምንም ለውጥ የለም።»

ፈህሚያ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ከሐሰተኞቹ ደብዳቤዎች ጥቂቱን ከፍታ መረመረች። «የይለፍ ቃል የሚቀየረው ሌባው ቤት ገብቶ ከሆነ ነው፤ እሱን መቀየርሽ ባይከፋም። ይሄኛው ግን ቤታችሁ አልገባም። ውጭ ቆሞ ‹ኸሊል ነኝ› ነው የሚለው።»

«ሳይገባ እንዴት በስሜ ይጽፋል?» አሉ ሐጂ።

«አባባ፣ ደብዳቤ ጽፈው ፖስታ ሣጥን ሲከቱ፣ ከጀርባው የጻፉት የላኪ ስም የእርስዎ መሆን አለመሆኑን የሚያጣራ አለ?»

«የለም።»

«ኢሜይልም ሲፈጠር እንደዚያው ነው የተፈጠረው። ላኪው የፈለገውን ስም ይጽፋል። ተቀባዩ የሚያመሳክርበት ነገር ካላስቀመጥንለት እውነተኛውን ከሐሰተኛው በምን ይለየዋል?»

ሐጂ ኸሊል ተከፉ። መከፋታቸውም እንዲያው በከንቱ አልነበረም። በእሳቸው ዘመን ነጋዴ በቃሉ ይታመናል፤ ማስረጃ የሚጠየቀው ቃሉ የወደቀ ሰው ነው።

«ልጄ፣ አባቴ ከዚህ እስከ ምጽዋ ሲነግድ እቃው ያለ ወረቀት ይሄድ ነበር። ‹የእገሌ ነው› ማለት ይበቃ ነበር። ዛሬ በስተርጅና እኔ እኔ መሆኔን ላስመስክር? ያጠፋው ሌላ፤ የሚያስመሰክረው እኔ?»

«ልክ ነዎት፤ ፍርዱ ጠማማ ነው» አለች ፈህሚያ። «አባትዎ ግን ወኪል አልነበራቸውም?»

«ነበረው እንጂ። ምጽዋም አስመራም ነበረው።»

«ማንም ተነሥቶ ‹የእሳቸው ወኪል ነኝ› ሲል ባለ እቃው ዝም ብሎ ያስረክበው ነበር?»

«የለም። ወኪሉን አስቀድሞ ያስተዋውቃል።»

«እኛም የምናደርገው እሱኑ ነው። ሰው ጋዜጣ ላይ ‹ወኪሌ እገሌ ነው፣ ከእሱ በቀር በስሜ የሚመጣን አላውቅም› ብሎ እንደሚያሳውጅ፣ በድረ ገጹ ስም ላይ ‹ከዚህ ስም ደብዳቤ እንዲልኩ የተፈቀደላቸው እነዚህ ሰርቨሮች፣ እነዚህ ደብዳቤ አስተላላፊ ኮምፒውተሮች ናቸው› የሚል ማስታወቂያ እናወጣለን። የዓለም ኢሜይል ተቀባይ ሁሉ ያነበዋል። ኤስፒኤፍ ይሉታል።»

ሐጂ ጥቂት አሰቡና፣ «ታዲያ ወኪሌን ለዓለም ካወጅሁ ሌባውም ይሰማ የለም? ‹እኔ ነኝ ያ ወኪል› ቢልስ?» አሉ።

ጥያቄው ደኅና ጥያቄ ነበር። ፈህሚያም አላቃለለችባቸውም።

«ይስማ፤ ግድ የለም። ደብዳቤው ከየት ሰርቨር እንደተነሣ ተቀባዩ ራሱ ያያል፤ ያንን ሌባው በቀላሉ አይዋሽም። በዚያ ላይ ማኅተም እንጨምራለን። ከቤታችሁ የሚወጣው ደብዳቤ ሁሉ በስውር ቁልፍ ይታተማል፤ ቁልፉ ከእናንተው ሰርቨር አይወጣም። ለሕዝብ የሚለጠፈው ማኅተሙን ማመሳከሪያው ብቻ ነው። በማመሳከሪያው ማየት ይቻላል፣ ማተም አይቻልም። በመንገድ ላይ አንድ ቃል እንኳ ቢለወጥ ማኅተሙ ይፈርሳል። ይህን ዲኪም ይሉታል።»

«ይሁን። ማኅተም የሌለው ሲመጣስ?»

«ሦስተኛው ነገር ለዚያ ነው፤ ዲማርክ ይባላል። ‹በስሜ መጥቶ ማስረጃ የሌለውን እንዲህ አድርጉት› ብለን ተቀባዮችን የምናዝበት ነው። መጀመሪያ ‹አሳልፉት፣ ግን ንገሩን› እንላለን። ከዚያ ‹ለብቻው አስቀምጡት›። በመጨረሻ ‹ከበር መልሱት›።»

እንዳልካቸው ከአግዳሚው ላይ ሆኖ ሲያዳምጥ ቆይቶ፣ «እንግዲያ ጀርመኖቹ የአያ ኸሊልን ደብዳቤ ከዚያ ከቀጣፊው ይለዩታል ማለት ነው?» አለ።

«እነሱ እንኳ ሳይደክሙ ኮምፒውተራቸው ይለየዋል።»

«ሸጋ ነው። ባለፈው ቢደረግ ደግሞ የበለጠ ሸጋ ነበር።»

ይህ ቃል የሐጂን ልብ ወጋው። ግን አሁንም እሺ አላሉም። የደከመ ሰው መፍትሔ ሲነግሩት መጀመሪያ የሚታየው ሌላ ድካም ነው።

«ስሚኝ ፈህሚያ። እኔ ከዚህ ሁሉ ብወጣ ይሻለኛል። ድረ ገጹንም ኢሜይሉንም ልተወው። በስልክ እሠራለሁ፤ የሚያውቀኝ ያውቀኛል።»

«እርስዎ ቢተዉት እሱ አይተወውም አባባ» አለች። «ስሙን ጥለውት ቢሄዱ፣ ዓለም ላይ በእርስዎ ስም የሚናገር እሱ ብቻ ይቀራል።»

ሐጂ ኸሊል እንዳልካቸውን፣ አቧራ የጠጣ ልብሱን፣ ከአዲ አርቃይ ድረስ አንዲት ቃል ለመስማት መምጣቱን አዩ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲሉ ኖረዋል፤ ባለቤቱ በሕይወት እያለ ከእጁ ሊወጣ መቻሉን ግን አስበውት አያውቁም። ቤቱን ሳይዘጋ ሰው ሌባ ይላል እንደሚባለውም፣ ወራቱን ሁሉ ሌባውን ሲረግሙ ስለ በራቸው አለመጠየቃቸው ታወቃቸው።

«እሺ» አሉ። «ከየት እንጀምር?»

ወደ እንዳልካቸው ዞረውም፣ «አላታለልሁህም ወንድሜ። ነገር ግን አንተ ስትጠብቅ እኔ ስሜን አልጠበቅሁም። መጥቼ በጎረቤቶችህ ፊት እናገረዋለሁ» አሉት። ቃላቸውንም ጠበቁ፤ በሳምንቱ አዲ አርቃይ ወርደው ነገሩን ለመንደሩ ሰው አስረዱ።

ሥራው ግን በአንድ ቀን የሚያልቅ አልሆነም። ድረ ገጹን የሚያስተዳድረው የአዲስ አበባ ድርጅት ስልክ ሲያነሣ የሚያውቅ ሰው አይኖርም፤ የሚያውቀው ሲገኝ ጎንደር ላይ መብራት ይጠፋል፤ መብራት ሲመጣ ኔትወርክ ይሄዳል። ፈህሚያ ከክፍል ስትወጣ እየመጣች ከሄለን ጋር ትቀመጣለች። ሐጂም ትራሳቸውን ደገፍ ብለው፣ ባይገባቸውም አጠገባቸው ይውላሉ።

«ለምን ቶሎ ከበር መልሱት አንልም?» አሏት አንድ ቀን ተሰላችተው።

«የራሳችንን ሰው እንዳንመልስ።»

እንዳለችውም ሆነ። ‹አሳልፉት፣ ግን ንገሩን› ባሉበት ጊዜ ከየአገሩ በሚመጣው ሪፖርት ውስጥ የአጭበርባሪው ብቻ ሳይሆን የሄለንም ደብዳቤ ማስረጃ እንደሌለው ሆኖ ተገኘ። ሄለን ለቀድሞ እንግዶች የበዓል ሰላምታ የምትልከው በሌላ የውጭ ድርጅት አገልግሎት በኩል ነበርና፣ እሱን ከወኪሎቹ መካከል ማስገባት ተረስቷል። በሩን በችኮላ ዘግተው ቢሆን ኖሮ የገዛ ሰዋቸውን ውጭ አሳድረው ነበር። ፈህሚያ አስተካከለችው። ከዚያ ጥቂት ጠብቀው ሐሰተኛው ለብቻው እንዲቀመጥ አደረጉ፤ የእነሱ ደብዳቤ ሁሉ በደኅና መድረሱን ሲያረጋግጡ ደግሞ ከበር እንዲመለስ አዘዙ።

ከፋሲካ በኋላ የስድቡ ደብዳቤ እየሳሳ ሄደ። ሄለን ጠዋት ኮምፒውተሩን ስትከፍት ፊቷ አይጨልምም። የጀርመኖቹ ማኅበር ሊቀ መንበር የቤቱ ደብዳቤ እንደገና እየደረሳቸው መሆኑን ጽፎ፣ ለመጪው ጥቅምት በቅሎ እንዲያዝላቸው ጠየቀ። ሐጂም ለእንዳልካቸው ራሳቸው ደወሉለት። ሌሎች የቆዩ ደንበኞች ግን እንደራቁ ቀሩ፤ አንዴ የተቀየመ ሰው በማኅተም ብቻ አይመለስም።

በዚያው ዓመት መጨረሻ የከተማይቱ የማረፊያና የአስጎብኚ ቤት ባለቤቶች ሲሰበሰቡ ፈህሚያን ይዘው የመጡት ሐጂ ኸሊል ለመናገር እጃቸውን አወጡ። ወንበር ተደግፈው የሆነባቸውን ሁሉ፣ ፈህሚያ ያስረዳቻቸውን ሁሉ፣ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ተናገሩ።

«ጥቅሙን ልንገራችሁ» አሉ። «በስማችሁ የተላከ ሐሰት እንግዳችሁ ዘንድ አይደርስም። የእናንተው እውነተኛ ደብዳቤ ከቆሻሻ ጋር አይጣልም። በስማችሁ ማን ምን እንደሚልክ ሪፖርት ይደርሳችኋል። ሠራተኛችሁ ቀኑን በይቅርታ አትፈጅም። ከሁሉ በላይ ደግሞ እናንተን አምኖ ሥራውን ጥሎ የሚጠብቅ ገበሬ ጤፉ አይበሰብስበትም። ለሁሉም ነገር መድኃኒት ነው አልላችሁም፤ ሌባው በስማችሁ ላይ አንዲት ፊደል ቀይሮ ሌላ ስም ቢያወጣ ይህ አይዘውም፤ ለዚያ ዓይናችሁን ክፈቱ። የራሳችሁን ስም ግን ክፍት አትተዉት። የሚያውቅ ልጅ ጥሩ፤ ቀስ ብላችሁ፣ መጀመሪያ እያያችሁ፣ ኋላ ዝጉ።»

እቴነሽ የተባሉ የሆቴል ባለቤት፣ «ሐጂ፣ ሌባው ተያዘ ወይ?» ብለው ጠየቁ።

«አልተያዘም» አሉ ሐጂ ኸሊል። «ከእኔ በር ተመልሷል። አሁን የማንን በር እንደሚያንኳኳ አላውቅም፤ ቆሜ ያስቸገርኋችሁም ለዚሁ ነው።»

ይህን ብለው ተቀመጡ። እቴነሽ ከወንበራቸው ተነሥተው ወደ ፈህሚያ ሄዱ፤ ሌሎችም ተከተሏቸው።