የባሻ ሆድ

ጉለሌ፣ አምስት ቤተሰብ አንድ ቧንቧ በሚጋራበት የቀበሌ ግቢ፣ ማለዳ። ጡረተኛው ጋዜጠኛ አቶ ልሳነወርቅ የበግ ግልገል የሚያህል ነጭ ጥንቸል ጭናቸው ላይ ይዘው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ስንዱ ከፊታቸው ቆመዋል።

ልሳነወርቅ፦ በልቶ የማይጥል ፍጡር ስንት ቀን ይኖራል? እስቲ ሆድ ያለው ሁሉ ይመልስልኝ!

ስንዱ፦ ጋሽ ልሳኑ፣ እኔ ስለ ስብሰባው ልነግርዎ ነው የመጣሁት። በጠዋቱ ስለ ኩስ አያናግሩኝ።

ልሳነወርቅ፦ ኩስ የዶሮ ነው። የጥንቸል በጠጥ ነው፣ እንደ ፍየል። ሠላሳ ዓመት የጋዜጣ ዐማርኛ ሳርም ኖሬ ጎረቤቴን ማረም አቃተኝ።

ስንዱ፦ ይሁን፣ በጠጥ። ስብሰባው ከሰዓት በኋላ ነው፣ ቧንቧው አጠገብ። ጥንቸሉ ከግቢው ይውጣልን ነው የሚሉት።

ልሳነወርቅ፦ የሚሉት እነማን ናቸው?

ስንዱ፦ ሁለት ቤት ይውጣ ብሏል። እነ ወርቅዬ ልጆቹ ስለወደዱት ይኑር ብለዋል። እርስዎም ይኑር እንደሚሉ የታወቀ ነው።

ልሳነወርቅ፦ ሁለት ለሁለት። አምስተኛዋ አንቺ ነሽ።

ስንዱ፦ እኔ መልእክተኛ ነኝ።

ልሳነወርቅ፦ መልእክተኛ አይከሰስም፣ ይጠየቃል ግን። ጥንቸሌ ባሻ ምን አጠፋ?

ስንዱ፦ ርኩስ ነው ይላሉ። መጽሐፉስ ምን ይላል? ያመሰኳል፣ ሰኮናው ግን አልተሰነጠቀም። በዚያ ላይ ሴቷ ጥንቸልዎ እሙ ከትናንት ወዲያ ሞተችብዎ። በሽታ ቢሆንስ? ለልጆች ቢተርፍስ?

ልሳነወርቅ፦ መጽሐፉ አትብላው አለ እንጂ አታስጠጋው መቼ አለ? የማገዶ ሻጩ አህያ በየቀኑ እዚህ በር ላይ ትታሰራለች፤ ሰኮናዋ ተሰንጥቋል? ድመትሽስ ስታመሰኳ አይተሻት ታውቂያለሽ?

ስንዱ፦ ድመቴን አይንኩብኝ።

ልሳነወርቅ፦ እኔም ጥንቸሌን አትንኩብኝ ነው ያልኩት። ለዚህ ስብሰባ ያስፈልጋል?

ስንዱ፦ ኧረ ደክሞኛል ጋሽ ልሳኑ። ውኃ ስጠብቅ ነው ያነጋሁት፤ የመጣችውም አንድ ጀሪካን ሳትሞላ ሄደች። ከእርስዎ ጋር ለመከራከር ጉልበት የለኝም።

ልሳነወርቅ፦ እኔስ አልደከመኝም? የዚህን ሆድ ሳሽ ነው ያነጋሁት። ከትናንት ምሳ ወዲህ አንዲት ፍሬ አልጣለም። ሣሩን ሳቀርብለት ፊቱን ያዞራል። እዪው እንዴት እንደተኮራመተ። ጥርሱን ሲያፋጭ ይሰማሻል?

ስንዱ፦ ተቆጥቶ ይሆናላ። ጌታውን መስሎ።

ልሳነወርቅ፦ ሕመም ነው! ጥንቸል ቢያመው አይጮኽ፣ አያለቅስ። ጥርሱን አፋጭቶ ዝም ይላል። ሐኪሟ ነች የነገረችኝ።

ስንዱ፦ እርስዎ? ስልክ አንሥተው ሰው አናገሩ?

ልሳነወርቅ፦ የእንስሳት ሐኪም ናት።

ስንዱ፦ እሷም ሰው ናት እኮ።

ልሳነወርቅ፦ ትናንት ማታ መጥታ መድኃኒት ሰጠችው። እስከ ቀትር ከጣለ ተርፏል፤ ካልጣለ ይዘኸው ና፣ ግን ተስፋ አልሰጥህም አለችኝ። ሆዱ እንደ ከበሮ ከተነፋ ደግሞ ቀትርም አትጠብቅ። እስካሁን አልተነፋም። ሊጥ ነው፣ ያልቦካ ሊጥ።

ስንዱ፦ እኔ የሚገርመኝ፣ ምን ቢያጡ ነው እነዚህን ያመጡት? ውሻ ቢሉ ይጠብቃል፣ ዶሮ ቢሉ ትጥላለች።

ልሳነወርቅ፦ የጥንቸል ርባታው ፕሮጀክት ሲዘጋ የሚወስዳቸው አጥተው ሊጥሏቸው ነበር። ሰውን ጥሎ መሄድ ለምደናል፤ እንስሳ እንኳ ይቅርብን አልኩ። ደግሞስ ጋዜጣው ከቆመ ወዲህ ስናገር የሚሰማኝ ማን አለ? ይኸኛው አይመልስልኝም፣ ጆሮ ግን አለው።

ስንዱ፦ ጆሮስ አለው። የጆሮ ባለጸጋ ነው።

ልሳነወርቅ፦ አትሳቂበት፣ ታሟል።

ስንዱ፦ አልሳቅሁም። ለመሆኑ በየማለዳው እያጎነበሱ የሚለቅሙት ይኼንኑ በጠጥ ነው? ግቢው እኮ ጋሽ ልሳኑ ነካ አደረጋቸው ብሏል።

ልሳነወርቅ፦ ይበል! ቤት የለወጠ ጥንቸል ሆዱ ይታወካል፤ እንዲህ ያለው ትልቁ ዘር ደግሞ ይብስበታል፤ ከባድ ነው፣ ለመንቀሳቀስ ይሰንፋል። በጠጡ ትልቅ፣ ክብ፣ ደረቅ ሆኖ ሲሰብሩት ሣር ሣር ካለ ደኅና ነው። ካነሰ፣ ከጠቆረ፣ በፀጉር እንደ መቁጠሪያ ከተሰካካ...

ስንዱ፦ መቁጠሪያ አይበሉ! በስመ አብ!

ልሳነወርቅ፦ እንደ ዶቃ ከተሰካካ አንጀቱ ተይዟል ማለት ነው። ስለዚህ አያለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የባለሥልጣን ንግግር ሳነብ ኖሬያለሁ፤ ይኼ ይሻላል፣ ቢያንስ አይዋሽም።

ስንዱ፦ የራሱን ሲበላስ? በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ፣ አጎንብሶ ከጭራው ስር! ርኩስ ነው ቢሉ ይፈረድባቸዋል?

ልሳነወርቅ፦ እሱ ሌላ ነው። ለስላሳው ነው፤ ሁለተኛ እንዲፈጨው የተሠራ ነው። ላም ወደ አፏ መልሳ ታመሰኳለች፣ ይኼ በዚያ በኩል አዙሮ ያመሰኳል። ቆይ... አንቺ መቼ አየሽው?

ስንዱ፦ እ?

ልሳነወርቅ፦ ያንን የሚበላው ጎሕ ሳይቀድ ነው። መብራት ሲያይ እንኳ ይተወዋል። ዝም ብሎ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ካልሆነ አያየውም።

ስንዱ፦ ሰሞኑን ነዋ፣ ውኃ ስጠብቅ።

ልሳነወርቅ፦ ቧንቧው በዚያ ጥግ ነው፣ የባሻ ጎጆ በእኔ መስኮት ሥር።

ስንዱ፦ እግሬን ላፍታታ ብዬ ይሆናላ! ምርመራ ነው እንዴ? ስብሰባው አይቅርብዎ፣ እኔ ልሂድ።

ልሳነወርቅ፦ አትሂጂ። ያዢልኝ፣ በሲሪንጅ ውኃ ላጠጣው ነው። አንድ እጅ አይበቃም።

ስንዱ፦ እኔ? ይኼን? ነጭ ቀሚስ ለብሼ?

ልሳነወርቅ፦ ርኩሰቱ በእኔ ይሁን። ስንዱ፣ እባክሽ።

ስንዱ፦ እባክሽ አሉ? ዛሬ በእውነት ታሟል። ያምጡት።

ልሳነወርቅ፦ ከሥሩ ደግፊው፤ ወገቡ ይሰበራል። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል። እህ... እንዴት ነው ያወቅሽበት?

ስንዱ፦ ምኑን?

ልሳነወርቅ፦ አያያዙን። እኔ ተቧጭሬ ነው የለመድኩት። ደግሞ እዪው! ከትናንት ወዲህ ለእኔ ዓይኑን አልገለጠልኝም፤ ያንቺን መዳፍ እያሸተተ ቀና አለ። ምን አለው እጅሽ?

ስንዱ፦ ምን ይኖረዋል? ሣር ሣር ብሎት ይሆናል።

ልሳነወርቅ፦ አሳዪኝ። ሣር አይደለም። ጥቁር አዝሙድ ነው።

ስንዱ፦ ቤቴ ውስጥ ጥቁር አዝሙድ መያዝ ክልክል ነው?

ልሳነወርቅ፦ እሙን ልቀብር ጎጆውን ስጠርግ ከገለባው ሥር የዳቦ ቅርፊት አገኘሁ። ጥቁር አዝሙድ ያለበት ድፎ። ልጆች የጣሉት ነው አልኩ። ለልጆች ድፎ ማን ይሰጣል? ስንዱ፣ ዓይኔን እዪኝ። ማን ነው ያበላቸው?

ስንዱ፦ ድርሻዎ ነው።

ልሳነወርቅ፦ የምን ድርሻ?

ስንዱ፦ የማኅበሩ። በዚህ ወር ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። ጸበል ጻድቁ ሲቆረስ የእርስዎም ተቆረሰ።

ልሳነወርቅ፦ እኔ ከማኅበሩ ወጥቻለሁ።

ስንዱ፦ እርስዎ ወጡ እንጂ ማን አስወጣዎ? ስምዎ ይጠራል፣ ድርሻዎ ይቆረሳል። ባለቤትዎ እትዬ አልጋነሽ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እሳቸው ካረፉ ወዲህ በየወሩ ሳህን ይዤ ይኼን በር አንኳኳለሁ። ሬዲዮኑ ይሰማል። ሲያስሉ ይሰማል። በሩ አይከፈትም።

ልሳነወርቅ፦ ምን ብዬ ልክፈት? ሐዘን ላይ ተቀምጬ አንዱ የማኅበር ወንድም «እሳቸው የአገርን ሕመም ሲጽፉ የሚስታቸውን የታመመ ሆድ አላዩም» አለ። ሁላችሁም ሰማችሁ። ሁላችሁም ጠጃችሁን ጠጣችሁ።

ስንዱ፦ እኔ አልጠጣሁም። እኔ ሳህኑን ይዤ መጣሁ።

ልሳነወርቅ፦ መጥተሽ ለጥንቸል አጎረስሽ።

ስንዱ፦ እስካሁን ለነዳያን ነበር የምሰጠው። ከቤት የወጣ ድርሻ ወደ ቤት አይመለስም። የሚካኤል ዕለት ግን አንኳኩቼ አንኳኩቼ ዘወር ስል ሁለቱ አፍንጫቸውን በሽቦው አውጥተው ይጠብቁኛል። እነዚህም የእርስዎ ቤተሰብ ናቸው አልኩ። ቆርሼ ሰጠኋቸው። ደስ አላቸው። በማግስቱም መጣሁ፣ ከዚያም። አንድ ሰው እንኳ ከዚህ ቤት ያመጣሁትን ሲበላ ባይ ብዬ ነው።

ልሳነወርቅ፦ መርዝ ነው ያበላሻቸው!

ስንዱ፦ የተባረከ ዳቦ ነው!

ልሳነወርቅ፦ ለአንቺ የተባረከ ነው! የእሱ ሆድ የሚሠራው በሣር ነው፤ ሣር ካልገፋው አይንቀሳቀስም። ዳቦ ሲገባበት ይቦካል፣ ይነፋል፣ ይቆማል። ሐኪሟ ከመጀመሪያው ቀን ዳቦ እንዳይቀምስ ብላለች። እሙን የገደላት በሽታ አይደለም፣ ደግነትሽ ነው!

ስንዱ፦ አይበሉኝ እንዲህ።

ልሳነወርቅ፦ እላለሁ! ዛሬ ቧንቧው አጠገብ ቆመሽ በሰው ሁሉ ፊት ትመልሻለሽ። ርኩስ ከሆነ ጸበል ጻድቅ ለምን አጎረስሽው? ርኩስ ካልሆነ ይውጣ የሚሉትን ሰዎች መልእክት ለምን ይዘሽ መጣሽ? ከሁለት አንዱን!

ስንዱ፦ አይጩኹ፣ ይደነግጣል። እጄ ላይ ልቡ ይመታል።

ልሳነወርቅ፦ እ... እሺ። እሺ። አልጮኽም።

ስንዱ፦ መልእክቱን ይዤ የመጣሁት በሩን ይከፍቱልኝ እንደሆነ ብዬ ነው። ለዳቦ አልከፈቱም፤ ለጠብ ይከፍታሉ አልኩ። ይኸው ከፈቱ።

ልሳነወርቅ፦ አፉን ቀና አድርጊልኝ፤ ውኃውን ላጠጣው።

ስንዱ፦ እሙን ገደልኳት እንግዲህ። ምን ልበል? ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ ይኼ ምስኪን በበላበት ታመመ።

ልሳነወርቅ፦ ሆዱን እሺው። በቀስታ፣ ወደ ኋላ። እንደ ሕፃን።

ስንዱ፦ እንዲህ?

ልሳነወርቅ፦ ዝቅ አድርጊው። አዎ። እኔ እጄ ዝሏል።

ስንዱ፦ ጋሽ ልሳኑ።

ልሳነወርቅ፦ ምን?

ስንዱ፦ ጋሽ ልሳኑ፣ ቀሚሴ...

ልሳነወርቅ፦ ምን ሆነ ቀሚስሽ?

ስንዱ፦ የሆነ ነገር ጣለብኝ!

ልሳነወርቅ፦ አትንቀሳቀሺ! መነጽሬ የታለ? ክብ ነው? ጠቁሯል? ፀጉር አለበት?

ስንዱ፦ እኔ ምን አውቄ! ደቃቃ ነች። ሁለት... ሌላም መጣ!

ልሳነወርቅ፦ ስበሪው!

ስንዱ፦ በእጄ? እኔ የማኅበር ሴት?

ልሳነወርቅ፦ ስበሪው፣ ስንዱ፣ በሚካኤል!

ስንዱ፦ በሚካኤል አስገደዱኝ እንግዲህ። ሰበርኩት። ሣር ነው። ሣር ሣር ይላል።

ልሳነወርቅ፦ ተመስገን። ኦ ተመስገን። ገና አልዳነም፣ ደቃቃ ነው። ግን ተንቀሳቀሰ።

ስንዱ፦ ያለቅሳሉ እንዴ?

ልሳነወርቅ፦ እንቅልፍ ስላጣሁ ነው። ድርቆሹን አቀብዪኝ። እዪ... አንዷን ሰበዝ ያዘ። እያኘከ ነው። ቀሚስሽን አራግፊ።

ስንዱ፦ ይቆይ። ይብላ መጀመሪያ።

ልሳነወርቅ፦ ስንዱ፣ ስብሰባው ላይ ስለ ዳቦው አታንሺ። ሴቷ በራሷ ሞተች እላለሁ። ሰው አፍ ውስጥ አትግቢ።

ስንዱ፦ አይሆንም። መልሺ ብለውኛል፣ እመልሳለሁ። ዳቦውን የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ሞኝነቴ ነው፣ በሽታ አይደለም እላለሁ። እጄንም ይኑር ከሚሉት ጋር አነሣለሁ።

ልሳነወርቅ፦ እንግዲያው አለቀ። ሦስት ለሁለት።

ስንዱ፦ አላለቀም። እርስዎም ይመልሳሉ።

ልሳነወርቅ፦ እኔ? እኔ ምን አደረግሁ?

ስንዱ፦ ምንም። ችግሩ እሱ ነው። ዳቦ እንደሚገድላቸው ከመጀመሪያው ቀን ያውቁ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰሙም? ለአገር ሁሉ ሠላሳ ዓመት የጻፉ ሰው፣ አምስት ቤት ላለው ግቢ «ዳቦ አትስጡ» የምትል አንዲት ቃል እንዴት አጡ? በየማለዳው ቧንቧው ጋ እንተያያለን፤ እርስዎ ጎንበስ ብለው በጠጥ ይለቅማሉ፣ እኔ እንደምን አደርሽ የሚለኝ አጥቼ ጀሪካኔን አነሣለሁ። የጥንቸልን ዝምታ በጥርሱ አወቁ። የእኛን ዝምታስ በምን ሊያውቁ ነበር?

ልሳነወርቅ፦ ስንዱ...

ስንዱ፦ ለእኔ አይንገሩኝ፣ ለእኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይቅር ባልኩዎ ነበር። ከሰዓት በኋላ ባሻን ታቅፈው ይምጡ። ያ ሐዘን ላይ የተናገረዎም ይኖራል፣ እሱም ይመልስ፤ እኔው እጠይቀዋለሁ። ከዚያ እርስዎ ይቁሙና በሰው ሁሉ ፊት ይንገሩን፦ ይኼን በር ማን ላይ ነው የዘጉት?