የምታግዘኝ ልጅ

(ቱሉ ዲምቱ፣ አዲስ አበባ ዳር። አከራይዋ ወይዘሮ ትብለጥ የረሳችውን ቁልፍ ልታመጣ አራተኛ ፎቅ ወዳለው ቤቷ ተመልሳለች፤ ጥሩወርቅና ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛን የጨረሰችው ልጇ ማህደር ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ባዶው ኮንዶሚኒየም በር ላይ ቆመዋል።)

ማህደር፦ እማዬ፣ አሁን ሴትዮዋን ምንድን ነው ያልሻት? ሠራተኛዬ ናት?

ጥሩወርቅ፦ ቀስ በይ! ደረጃው ድምፅ ያስተጋባል።

ማህደር፦ ያስተጋባ! እኔ ነኝ ሠራተኛሽ?

ጥሩወርቅ፦ «የምታግዘኝ ልጅ» ነው ያልኩት። ታግዢኝ የለ እንዴ?

ማህደር፦ እሷ ታዲያ ሌላ ነው የገባት። ላይ ቤቷ ስንገባ «አንቺ፣ ጫማሽን አውልቀሽ ግቢ» አለችኝ። አንቺ ግን በጫማሽ ዘው አልሽ።

ጥሩወርቅ፦ ደላላውን ምን እንዳለችው ሰምተሻል። «የደረሰች ልጅ ያላት ተከራይ አልፈልግም፣ ጎረምሳ ደረጃዬ ላይ ይኮለኮልብኛል።»

ማህደር፦ ለኔ? ኧረ በማርያም! አንድ ጎረምሳ እንኳን ዞር ብሎ አይቶኝ አያውቅም። ደሞ ሠራተኛ ስሆን አይኮለኮልም?

ጥሩወርቅ፦ ሠራተኛ ብታጠፋ «አባሪያት» ትለኛለች። ልጅሽን አባሪ አትለኝም።

ማህደር፦ አይ ደግነት! መታወቂያዬን ብትጠይቅስ?

ጥሩወርቅ፦ ትጠይቅ። አንቺ ማህደር ግርማ፣ እኔ ጥሩወርቅ በየነ። ወረቀቱ ላይ ማን ያዛምደናል?

ማህደር፦ እንዴ! ይሄንንም አስበሽበታል? መቼ?

ጥሩወርቅ፦ ታክሲ ውስጥ።

ማህደር፦ ታክሲ ውስጥ እኮ ትከሻሽ ላይ ተኝቼ ነበር።

ጥሩወርቅ፦ ማሂዬ፣ ይሄ ዘጠነኛ ቤት ነው። ያለንበት ሰኞ ይፈርሳል፣ ቀይ ቀለም ቀብተውታል። በዚህ ዋጋ ውሃ የሚመጣበት ቤት ከየት አመጣለሁ?

ማህደር፦ ውጤቴ ሲመጣስ? «ሠራተኛዬ ዩኒቨርሲቲ ገባች» ብለሽ እልል ልትዪ ነው?

ጥሩወርቅ፦ ቀስ ብዬ እላለኋ።

ማህደር፦ ቀስ ተብሎ እልልታ! ጉድ እኮ ነው። ጓደኞቼ ሲመጡ ደሞ የጎረቤት ሠራተኞች ናቸው በያት።

ጥሩወርቅ፦ አትቀልጂ። አንድ ነገር ደግሞ አለ።

ማህደር፦ ገና አለ?

ጥሩወርቅ፦ ተያዥ ትፈልጋለች። እኔ ሥራ ስውል ቤቱ ውስጥ ብቻዋን የምትውል ልጅ፣ የጎረቤት ዕቃ ቢጠፋ የሚጠየቅላት ሰው ይፈርም ነው የምትለው። ከልጅነቷ ጀምሮ የሚያውቃት።

ማህደር፦ እና ማን አልሻት?

ጥሩወርቅ፦ አክስትሽ አልማዝን ጠራሁላት።

ማህደር፦ አንቺስ? አንቺ አታውቂኝም?

ጥሩወርቅ፦ እኔማ… ከያዝኳት ሦስት ወሯ ነው ብያታለሁ።

ማህደር፦ (ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።)

ጥሩወርቅ፦ ማሂ፣ ፊትሽን አታዙሪብኝ። ስደቢኝ፣ አንድ ነገር በይ። በቃ ተይው፣ ስትወርድ እውነቱን ነግሬያት እንሄዳለን።

ማህደር፦ ወዴት?

ጥሩወርቅ፦ እኔ እንጃ ልጄ።

ማህደር፦ ነጠላ ጫማዋ ይሰማል፣ እየወረደች ነው። ዓይንሽን ጥረጊ።

ጥሩወርቅ፦ እሺ ብለሽኝ ነው?

ማህደር፦ ቦርሳዎን ይስጡኝ፣ እትዬ።