የሉዝ እጅጌና የእኔ መቀስ

በእኛ ጊዜ፣ ገነትዬ፣ ሲያትል ውስጥ ሐበሻ በጣት ይቆጠር ነበር፤ ባስ ውስጥ ተቀምጠን በመስኮት አንድ የሐበሻ ፊት ካየን ገመዱን ስበን እንወርድ ነበር፣ የማናውቀውን ሰው ልንስም! እናንተማ ምን ቸገራችሁ፣ ከአውሮፕላን ወርዳችሁ ቀጥ ወደ ዘመድ ቤት ነው። እና አሁን ከሉዝ ዘንድ የሙሽራ ልብስሽን ተለክተሽ መጣሽ፣ ካፖርትሽን ሳታወልቂ፣ አንድ እጅሽን ኪስሽ ውስጥ ሸጉጠሽ፣ «እትዬ ሙሉ፣ ያቺ ፊሊፒኖ ሴትዮ ግን ደህና ሰው ናት ይላሉ?» አልሽኝ። ዓይንሽን ሳየው ሳቄ መጣ። ያ ዓይን የኔ ዓይን ነው! ከስድስት ዓመት በፊት እኔም እንደዚሁ በጎን ነበር የማያት። ቁጭ በይ። ደህና ናት፣ ደህና አይደለችም አልልሽም፤ የሆነውን ልንገርሽና አንቺው ፍረጂ።

ታዲያ እኔና ሉዝ ዳውንታውን አንድ ሆቴል ሎንድሪ ውስጥ ነበር የምንሠራው፣ ምድር ቤት። እሷ ትተኩሳለች፣ እኔ አንሶላ አጥፋለሁ። እኔ እንዴት ሆኜ? ሻሼን ጠምጥሜ፣ ነጠላ ጫማ አድርጌ፣ ላቤ እየወረደ። እሷ ግን! በጠዋቱ ከንፈሯ ቀልቶ፣ ቅንድቧ ተስሎ፣ ፀጉሯ ሐር መስሎ፣ ከሥራ ጋውኗ ሥር የሸሚዟ ኮሌታ ቀጥ ብሎ ቆሞ። ለማን ነው? እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ማን ሊያያት ነው? ማጠቢያ ማሽኑ? እኔ ታዲያ በልቤ «ይቺ ሴት የሆነ ነገር አለባት» እላለሁ። እናቴ ነፍሷን ይማርና፣ ሴት ልጅ ሰው በማያይበት ቦታ ካጌጠች የማይታይ ተመልካች አላት ትል ነበር።

ደግሞ ጃንጥላዋ። እኛስ አገር ለፀሐይ ጥላ ይያዝ የለ? ይያዛል፣ ፀሐዩ አናት ሲበሳ። የሲያትል ፀሐይ ግን ፀሐይ ነው እንዴ? ብቅ ሲል ፈረንጁ ሁሉ ልብሱን አውልቆ ሣር ላይ እንደ በርበሬ ይሰጣል። ሉዝ ግን ጃንጥላዋን ዘርግታ ጥግ ጥጉን ትሄዳለች። ዝናብ ሲሆን ግድ የላትም፣ ፀሐይ ሲወጣ ነው የምትሸሸው!

«ምነው ሉዝ?» እላታለሁ።

«እጠቁራለሁ፣ አቴ ሙሉ!» ትለኛለች፤ አቴ በነሱ ቋንቋ ታላቅ እህት ማለት ነው አሉ።

«ብትጠቁሪስ?»

«ኡይ! እኛ አገር ነጣ ካላልሽ ማን ዞሮ ያይሻል!» አለችና ክንዴን አየች፣ ደነገጠች፣ ከዚያ «አንቺ ግን ታምሪያለሽ» አለች። ልብ አልሽ? ታምሪያለሽ የመጣው ዘግይቶ ነው። እኔ ያንን ያዝኩባት።

ታዲያ የወንድሜ ልጅ ጽጌ፣ እኔው ያሳደግኳት፣ ለሠርጓ ቀን ተቆረጠ። ቬሎ ልንፈልግ ሱቅ ለሱቅ ዞርን፤ ሁሉም ለረጃጅም ፈረንጅ የተሠራ ነው፣ ጽጌ ስትለብሰው ድንኳን የወደቀባት መሰለች። ሉዝ ይሄን ሰማችና «እኔ እሰፋላታለሁ! እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች» አለች። ሶ፣ ሠርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ቅዳሜ ዕለት ማውንት ቤከር ሰፈር ያለው የሉዝ ቤት ጽጌን ወሰድኳት።

ገነት፣ ሉዝ ጽጌን ስታይ የሆነችውን ብታይ! በሩን እንደያዘች ቀረች። «ኡይ ኡይ ኡይ» እያለች ዞረቻት፣ ዓይኗን፣ ሽፋሽፍቷን፣ አንገቷን፣ ቆይ፣ አፍንጫዋንማ! የራሷን አፍንጫ በሁለት ጣት ቆንጥጣ፣ «እናቴ እኮ ልጅ ሳለሁ በየጠዋቱ አፍንጫዬን ትስበው ነበር፣ ይውጣ ብላ፤ አልወጣም! ይቺ እንዲሁ አገኘችው!» ትላለች። እኔ እየጠበቅኩ ነው። አሁን እትፍ እትፍ ትላለች፣ አሁን እግዜር ይጠብቃት ትላለች። ምንም! ጥርሴን ነክሼ «በይ እንጂ አንቺ ሴት፣ በይ እንጂ» እላለሁ በሆዴ፤ በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚባል አላውቅማ። ሜትሩን ወገቧ ላይ አዞረችና ጠበቅ አድርጋ፣ «እዚህ ጋ ጠባብ አደርገዋለሁ፣ እንደ ተርብ!» አለች። በመጨረሻ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? አውራ ጣቷን ላሰች፤ ላሰችና የልጄ ግንባር ላይ ተጫነችው፣ አንድ ነገር አጉተመተመች!

እኔ ልጄን ክንዷን ይዤ ወደ በሩ ጎተትኳት።

ስንወጣ ደግሞ ብርቱካንማ ሳሙና ሰጠቻት። «በዚህ ታጠቢ፣ እስከ ሠርግሽ ትፈኪያለሽ።» «ጠይም ናት!» አልኳት፣ «ጠይም! እኛ አገር ለጠይም ይዘፈናል!» ሳሙናውን ቀምቼ ቦርሳዬ ከተትኩት። በኋላ ድስት አጠብኩበት፤ ድስቱም አልፈካ።

ታዲያ ሠርጉ ቅዳሜ ሊሆን፣ ማክሰኞ ጽጌ ወደቀች። ራሷን ያዞራታል፣ ሆዷን ይቆርጣታል፣ ላብ ያጠምቃታል፣ ሰውነቷ ይተኩሳል። ሐኪም ቤት ወሰድናት፤ ሐኪሙ አያትና «ይሄ ነው የሚባል በሽታ የለባትም፣ ትረፍ» አለ። በሽታ የለባትም ካለ ምን ቀረ? ያው ነዋ! የሰው ዓይን! ጽጌ ደግሞ የጴንጤ ቸርች ልጅ ናት፣ ከአልጋዋ ቀና ብላ፣ «እትዬ፣ እኛ እንደዚህ ያለ ነገር አናምንም» ትለኛለች። «አንቺ አትመኚ፣ እኔ አምንልሻለሁ፣ ተኚ!» አልኳት። ልጅቷ ከአልጋ ካልተነሳች ሠርግ የለም፤ የሙሽራው ቤተሰቦች ከሩቅ ስቴት ቲኬት ቆርጠዋል፣ አዳራሹ ተይዟል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ልጄ ናት፤ እናቷ «አደራሽን» ብላ የሰጠችኝ።

እናቴ እንዳስተማረችኝ፣ የበላት ሰው ልብስ ቁራጭ ይገኝና በሱ ጭስ ትታጠናለች። ሰውየው ግን ማወቅ የለበትም። እና ሐሙስ ዕለት መቀሴን በመሐረብ ጠቅልዬ ጡት መያዣዬ ውስጥ ሻጥ አድርጌ፣ ባስ ተሳፍሬ ሉዝ ቤት ሄድኩ። መቀሱ እየወጋኝ!

«ቬሎውን ልየው ብዬ ነው» አልኳት። «ግቢ ግቢ፣ መጀመሪያ ብዪ!» ብላ ወደ ኪችን ሮጠች፤ እነሱ ደግሞ እንደኛው ናቸው፣ እንግዳ ሳይበላ አይወጣም። ብቻዬን ቀረሁ። ጠረጴዛው ላይ የብስኩት ቆርቆሮ አለ። ርቦኛል፣ ከፈትኩት። የምን ብስኩት! ልብስ አንገት ላይ የሚሰፋው የፋብሪካ ስም አለ አይደል፣ እሱ ብቻ፣ በወርቅ ክር፣ በጥቁር ክር፣ ከየልብሱ ተቆርጦ ቆርቆሮውን ሞልቶታል። ልብሱ የለም፣ ስሙ ብቻ! «አሃ» አልኩ፣ «ሴትዮዋ ስም ነው የምትሰበስበው!» ጥርጣሬዬ ሁሉ እውነት ሆነ።

ዞር ስል በሩ ላይ አንድ ሸሚዝ ተሰቅሏል። እጅጌው እንደ ቢራቢሮ ክንፍ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ጨርቁ የሽንኩርት ልጣጭ የመሰለ ስስ፣ አበባ የተጠለፈበት። የሷ መሆኑን ሽታው ይናገራል። መቀሴን አወጣሁ፣ ከእጅጌው ጫፍ ቁርጥ! አደረግኩ። ቬሎውንም ጠቅልዬ ብብቴ ሥር ሸጉጬ ልውጣ ስል፣ ሉዝ ሩዝና ዓሣ በሳህን ይዛ ገባች።

አንድ እጄ ላይ መቀስ፣ አንድ እጄ ላይ ቁራጭ።

እጅጌውን አየችው። «የእናቴ ነው» አለች፣ ቀስ ብላ። «ከአናናስ ቅጠል ክር የተሠራ ነው፤ እሷ ለራሷ ሠርግ የሰፋችው። ለጽጌ ሠርግ ልለብስ ነበር ያወጣሁት።»

ገነት፣ መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ውሸት ፈለግኩ፣ አልመጣልኝም። «ጽጌ ታማለች» አልኳት። «ዓይን ነው። ያንቺ ዓይን።» በጣቴ ዓይኗን አሳየኋት። ብዬ ስጨርስ ጥፊ ነው የጠበቅኩት። እኛ አገር ሰውን ቡዳ ነሽ ብትዪ ዘር ማንዘሩ አይነሳብሽም? ዕድሜ ልክ አትቃቃሪም?

ሉዝ ሳህኑን አስቀመጠች። «ትኩሳት አላት?»

«አላት።»

«ሆዷንስ?»

«ሆዷንም።»

ግንባሯን በመዳፏ መታች። «እኔ ነኝ! እኔ ነኝ!» ብላ ጮኸች፣ ሎተሪ እንደወጣለት ሰው! «ግንባሯን ብቻ ነካሁ፣ ሆዷን ረሳሁት!»

ለካ እነሱም ጋ አለ። ሰው አንዱን ሲያደንቅ የተደነቀው ሰው ይታመማል፤ ታዲያ ያደነቀው ራሱ ነው በምራቁ ነክቶ የሚያድነው። እንደኛው እትፍ እትፍ፣ እኛ ከሩቅ፣ እነሱ ከቅርብ! ነውርም የለው፣ መደበቅም የለው። «ዓይኔ ወደዳት፣ ምን ላድርገው?» ትለኛለች። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ እኔ ነኝ የሚል ቡዳ አይቼም ሰምቼም አላውቅም!

ሳህኑን በጨርቅ ሸፍና፣ ጃንጥላዋን ይዛ፣ ባስ ተሳፍረን ጽጌ ወደተኛችበት ወደ እኛ ቤት፣ ቡሪየን መጣን። አንዴ ከተዋረድኩ አይቀር ብዬ ስለ ቆርቆሮውም ጠየቅኳት። የሆቴሉ እንግዶች ጥለውት ከሚሄዱት አሮጌ ልብስ ነው የምትቆርጠው። ለእህቶቿ እራሷ ቀሚስ ትሰፋና በትልቅ ካርቶን ትልካለች፤ እህቶቿ ግን አንገቱን ገልብጠው ስም ካጡበት «ይሄማ እዚሁ ገበያ የተገዛ ነው» ይሏታል። ስም ስትሰፋበት ይሻሙበታል።

«ታዲያ ሐሰት አይደለም እንዴ?» አልኳት።

«ልብሱ እውነት ነው» አለች፤ «ሐሰቱ ስሙ ብቻ ነው።» እንዲህ የምትል ሴት ትታመናለች?

ቤት ገባን። ሉዝ አውራ ጣቷን ላሰች፣ የጽጌን ግንባር ነካች፣ ሆዷን ነካች፣ አጉተመተመች። ጽጌ ዓይኗን ጨፍና «ጌታ ሆይ፣ በደሙ፣ በደሙ» ትላለች። እኔም ቁራጩን ፍም ላይ ጣልኩት፣ ሉዝ ፊት! «ለማንኛውም» አልኳት። «ኦኬ» ብላ እንዲያውም መስኮቱን ዘጋችልኝ። ያ ጣሪያ ላይ ያለው ጭስ ሲሸተው የሚጮኸው ነገር መጮህ! ሉዝ ወንበር ላይ ወጥታ በጃንጥላዋ እስኪዘጋ ወቀጠችው። ያን ቀን ነው ጃንጥላው ሥራ የሠራው።

ታዲያ በዚህ ሁሉ መሀል ጽጌ ቀና አለች። «ምንድን ነው የሚሸተኝ?» ሩዙንና ዓሣውን ሰጠናት። በላች። ሳህኑን ጠረገችው! እኔ «ጭሱ ነው» አልኩ፣ ሉዝ «ምራቄ ነው» አለች፣ ልንጣላ ነው። ከዚያ ሉዝ ባዶውን ሳህን አየችና «ከዚህ በፊት መቼ ነው የበላሽው?» አለቻት።

ጽጌ አንገቷን ደፋች። «ወገቡ ጠባብ ነው ስላላችሁኝ... በብርቱካንና በሻይ ብቻ ነው የቆየሁት። ለሐኪሙም በደንብ እበላለሁ ብዬዋለሁ።»

ስሚ እንግዲህ! ቡዳ በላት እላለሁ፣ ለካ ያልበላችው እሷ ራሷ ነች! ሉዝ በማግስቱ ወገቡን ሁለት ጣት አሰፋችው፤ ልጄም እንደ ጨረቃ ሆና ተዳረች።

ልብሱን ግን ፈትሼዋለሁ፣ አልዋሽሽም። ክታብ ይኖርበት እንደሁ ብዬ ስፌት በስፌት ዳበስኩት። አንገቱ ጋ ትንሽ ጥብጣብ አገኘሁ፣ ፊደል የተጠለፈባት። እኔ የፈረንጅ ፊደል የት አውቄ፣ ለጽጌ አሳየኋት፤ «እትዬ፣ ‹ሉዝ› ነው የሚለው» አለችኝ። ያ ሁሉ የፋብሪካ ስም ቆርቆሮ ሙሉ እያላት፣ የኛው ላይ የራሷን ሰፋች። ያን ቀን ትንሽ ልቤ ራራላት። ትንሽ።

ሠርጉ ላይም ያንን የእናቷን ሸሚዝ ለብሳ መጣች። የቆረጥኩትን ምን አድርጋ? ከቆርቆሮዋ በወርቅ ክር የተጻፈውን ትልቁን ስም አውጥታ፣ በውጭ በኩል እጅጌዋ ላይ ለጥፋ! የኛ ሴቶች ሁሉ ከበቧት፣ «ውይ፣ የዘንድሮ ፋሽን ይሄ ነው እንዴ?» ወር ሳይሞላ ሦስት ሴት በሐበሻ ቀሚሷ እጅጌ ላይ የፋብሪካ ስም ሰፍታ መጣች። እኔም ነጠላዬ ላይ አንድ አሰፍቻለሁ፤ አትሳቂ!

እና ደህና ናት ወይ ላልሽኝ፣ እጇ ደህና ነው። እሷን ግን ዛሬም አላምናትም። የጽጌን ልጆች ልታይ ስትመጣ በሩ ላይ አቆማትና አውራ ጣቷን ሳትልስ አላስገባትም፤ ደግሞ ሆዳቸውንም እንዳትረሳ እላታለሁ። አንቺንስ ዛሬ ግንባርሽን ነካችሽ? ነካችሽ አይደል! ያንን እጅሽን ደግሞ ከኪስሽ አውጪው፣ ከመጣሽ ጀምሮ ምን ጨብጠሽ ነው? ክፈቺው እስቲ፣ ልየው... ውይ ጉዴ! ውይ አንቺ ልጅ! በሳቅ ልትገድይኝ ነው!

«እትዬ ሙሉ፣ ከሻርፗ ጫፍ ላይ ነው። ዞር ስትል ነው የቆረጥኩት። አሁን መልሼ ልስፋላት ወይስ... ለማንኛውም እንታጠነው?»