ወደ ላይ የተገነባው አቧራ

ጋሼ ብጫቂና ጎረቤታቸው መምህርቷ የተገናኙት ደረጃው መታጠፊያ ላይ ነው። እሳቸው በትከሻቸው ረጅም ሳንቃ ተሸክመዋል፤ እሷ እስከ አገጯ የሚደርስ የተማሪ ደብተር ታቅፋለች። «እርስዎ ይለፉ»፣ «የለም፣ አንቺ እለፊ» ሲባባሉ ሳንቃው ከግድግዳው ተላተመና ሁለቱም ባሉበት ቆሙ።

«ጋሼ፣ ደግሞ ሌላ መደርደሪያ ሊሠሩ ነው?»

«ምን ላድርግ የኔ ልጅ፤ የሐኪም ትእዛዝ ነው» አሉ እያለከለኩ።

መምህርቷ በማስተማር ዘመኗ ብዙ ጉድ ሰምታለች፤ ሳንቃ የሚያዝ ሐኪም ግን ሰምታ አታውቅም።

ጋሼ ብጫቂ ልብስ ሰፊ ናቸው። ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ጎረቤቶቻቸው ነን፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከመቀሳቸው ሥር የወደቀች ብጫቂ ጨርቅ ከቤታቸው ወጥታ አታውቅማ! መሥሪያቸውም መኝታቸውም አንድ ክፍል ነው። ጨርቁ ከአልጋው ሥር ተነሥቶ፣ ግድግዳውን ተከትሎ፣ ወደ ጣሪያው እያዘገመ ነበር። ከሰዓት በኋላ በበሩ በኩል ፀሐይ ስትገባ ጋሼ ከስፌታቸው ቀና ይሉና ሐሳብ ይዟቸው ይሄዳል። ያቺ ውኃ ሰማያዊ ሠርጓ ዕለት ዝናብ የወረደባት ሙሽራ ናት። ያቺ ግራጫ የፖስተኛው የመጀመሪያ ኮት ናት። በብርሃኑ ውስጥ ወርቅ የመሰለ ነገር ቀስ ብሎ ይንሳፈፋል፤ መርፌው እጃቸው ላይ እንቅልፍ ይወስደዋል።

ባለቤታቸው ግን የከረመ ሳል ይዟቸዋል። የዚያን ዕለት ጠዋት ልብሳቸውን በአንሶላ ቋጥረው፣ «እሑድ እህቴ ዘንድ እገባለሁ። አንተ ጨርቅህን አቅፈህ ተኛ» ብለው ቁርጡን ነግረዋቸዋል። እትዬ አንድ ነገር ካሉ ደግሞ አሉ ነው።

ጋሼ ሳንቃውን አስደግፈው ከደረት ኪሳቸው የታጠፈች ወረቀት አወጡ። ሐኪሙ ለባለቤታቸው የጻፈው በእንግሊዝኛ ነው።

«የመጀመሪያውን ቃል ዶሮ የጫረችው ነው የሚመስለው፤ ተውኩት። ቀጥሎ ‹ደስት› ይላል፣ አቧራ። ‹ቢልድ›፣ መገንባት። ‹አፕ›፣ ወደ ላይ። መዝገበ ቃላቱን ሦስቴ ነው ያየሁት! አቧራውን ወደ ላይ ገንቡት ማለቱ ነው። እኔም ጨርቁን ከመሬት አንሥቼ ካልጋው በላይ ደረደርኩላት። እሷ ጭራሽ ባሰባት። ገና አልደረሰ ይሆናል ብዬ አሁን አንድ ደርብ ልጨምር ነው።»

መምህርቷ ሳቋን ደብተሮቹ ውስጥ ቀበረች። ቀና ስትል ግን ፊቷ ላይ ሳቅ አልነበረም።

«ጋሼ፣ የመጀመሪያው ቃል ‹ቀንሱ› ነው የሚለው።»

«ግንባታውን?»

«አቧራውን! ‹ቢልድ› እና ‹አፕ› ለየብቻ እርስዎ ያሉት ናቸው። አንድ ላይ ሲሄዱ ግን ማንም ልብ ሳይለው ቀስ በቀስ መጠራቀም ማለት ይሆናሉ።»

«ታዲያ ተጠራቀመ አይልም? ግንበኛ ምን ጥልቅ አደረገው?» አሉ ጋሼ ተቆጥተው። ቁጣው ለእንግሊዝኛው ይሁን ለራሳቸው አልለዩትም።

አብረው ጋሼ ክፍል ውስጥ ገቡ። እትዬ ከመጋረጃው ጀርባ ጋደም ብለው ነበር። መምህርቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች፤ መምህር መቼም ጀምሮ አያቆምም።

«እንግሊዞቹ ለመጠራቀም ብዙ ቃል አላቸው ጋሼ። እኛም አላነሰንም። ባቄላ ይለቀማል፤ ድንጋይ ይካባል፤ ጭድ ይከመራል፤ ውኃ ጉድጓድ ውስጥ ይጠራቀማል። የእርስዎ ጨርቅ የቱ ነው?»

«ተሰበሰበ ነዋ! በእጄ የሰበሰብኩት።»

«የሚሰበስብ ሰው ይመርጣል። መርጠው የጣሉት አለ?»

ጋሼ ወደ ጣሪያው አዩ። «የወደቀውን ሁሉ ነው ያስቀመጥኩት።»

«እንግዲያው የሰበሰበው ወለሉ ነዋ! እርስዎ የት አሉበት?»

ይህች ንግግር ሳትቆረቁራቸው አልቀረችም። «አንቺ ልጅ፣ የእናቴን ቃል አታስረሺኝ። የዛሬ ትርፍራፊ የነገ መጣፊያ ነው፤ ብላኛለች።»

«እውነታቸውን ነው። በሠላሳ ዓመት ስንቴ ጣፉበት?»

«አንዴ…» አሉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የፖስተኛውን ክርን።»

መምህርቷ ወደ መሥሪያ ጠረጴዛው ዞረች። ጠረጴዛው ላይ ለኮት የተዘረጋ ጥቁር ጨርቅ ነበር፤ መሐሉ ላይ መቀስ ተጋድሟል።

«ይህን መቼ ዘረጉት?»

«ትናንት ጠዋት።»

«እስቲ መቀሱን ያንሡት።»

አነሡት። ጨርቁ ላይ ሌላ መቀስ ቀረ፤ ድቅድቅ ያለ ጥቁር፣ እጀታውም ስለቱም ሳይጎድል። ዙሪያው ግን አመድ መስሏል። ጋሼ ጣታቸውን ልከው ዳበሱትና ጣታቸውን አዩት።

«ይህን ማን ሰበሰበው?» አለች ቀስ ብላ።

«ማንም።»

«‹ቢልድ አፕ› የሚሉት ይኸንን ነው።»

ያን ጊዜ እትዬ ከመጋረጃው ጀርባ ሳሉ። በፀሐዩ ውስጥ ተኝቶ የነበረው ወርቅ ተናወጠ፣ ተሽከረከረ፣ ወደ መጋረጃው አዘነበለ። ጋሼ በዓይናቸው ተከተሉት። ስንት ዓመት ሙሉ እየተመሰጡ ሲያዩት የኖሩት ያ ወርቅ መሄጃው የት እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ አዩ። መቀሱ እጃቸው ላይ ከበዳቸው።

«ሁሉን ልጣለው?» አሉ እንደ ሕፃን።

«ኧረ ጋሼ! ይልቀሙ ነው የምለው። ከሚያስታውሱት ሰው መዳፍ መዳፍ የምታህል ያስቀሩ። የቀረው ለፍራሽ ሠሪው ይሂድ።»

በሁለት ቀን ውስጥ ፍራሽ ሠሪው በጋሪ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። በሦስተኛው ከመደርደሪያው ጀርባ መስኮት ወጣ። ጋሼ ጨርሶ ረስተውት ነበር። ማጠፊያው ዝጎ እንቢ ቢልም በዘይት ለመኑት፤ ተከፈተ።

እሑድ ጠዋት እትዬ ቋጠሯቸውን አንጠልጥለው ሊወጡ ሲሉ ቆም አሉ። ነፋስ ጉንጫቸውን ነክቷቸዋል። በመስኮቱ ላይ ከመዳፍ መዳፍ ብጫቂ የተገጣጠመ፣ ታጥቦ የተተኮሰ መጋረጃ እንደ ጀልባ ሸራ ቀስ እያለ ይነፋል፣ ይረግባል። ከሥሩ ያ ሳንቃ አግዳሚ ሆኗል።

«አንተ ሰውዬ፣ መስኮት ነበረን እንዴ?»

«ተጠራቅሞበት ነው» አሉ ጋሼ መሬት መሬቱን እያዩ። «መጋረጃው ግን ተለቅሞ ነው። ይቺ ውኃ ሰማያዊ የዚያች ሙሽራ ናት። መሐል ላይ ያለችው ቀይ…»

«የኔ ቀሚስ» አሉ እትዬ። «የተጫጨን ጊዜ የሰፋህልኝ።»

አግዳሚው ላይ ተቀመጡና አየር ሳቡ፤ እስከ ጥጉ። ሳል አልመጣም። ትንሽ ቆይተው ቋጠሯቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይፈቱት ጀመር። «እህቴ ዘንድ ለጥየቃ እሄዳለሁ» አሉ፤ «ሌላ እሑድ።»

እንግዲህ የጥቅሙን ነገር ማንም ያየዋል፤ እትዬ ሌሊቱን ሙሉ ይተኛሉ፣ ጋሼ መርፌያቸውን በቀን ብርሃን ይሰካሉ፣ የጠፋ የተባለው መለኪያ ሜትርም ከነሙሉ ቁጥሩ ተገኝቷል። ክፉ ነገር አዋጅ አስነግሮ ቤት አይገባም፤ ስለዚህ በየጊዜው መቀሱን አንሥቶ ሥሩን ማየት ነው። ደግ ነገር ግን ወለል ላይ ወድቆ አይጠራቀምም፤ ጎንበስ ብሎ የሚለቅመው ሰው ይፈልጋል።

ጋሼም ትምህርቱን አልረሱትም። ቅዳሜ ቅዳሜ መጋረጃውን በመስኮት አውጥተው፣ «ቢልድ አፕ!» እያሉ ያራግፉታል። ከታች የምንኖረው እኛ ጎረቤቶች ደግሞ እስኪጨርሱ ድረስ ደጃችን ላይ አንቀመጥም።