ለተናኘ የተገዛ የጾም ጣፋጭ

አቶ ላቀው ወደ ሱቁ ከመግባታቸው በፊት በበሩ ፊት አልፈው ተመልሰዋል። ጀሞ ላይ ከታክሲ ማቆሚያው ጀርባ የተከፈተችው ይህች እንደ አይስክሬም የበረደ እርጎ የምትሸጥ የፍሮዝን ዮገርት ቤት ግድግዳዋ ሮዝ ቀለም የተቀባ፣ ወንበሮቿ ከፍ ከፍ ያሉ፣ ከትምህርት ቤት የሚወጡ ወጣቶች የሚሰበሰቡባት ነበረች። ዕድሜያቸውን በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ክር ሲነክሩ አሳልፈው ጡረታ የወጡት አዛውንት እንዲህ ያለውን ቤት ሲያዩ "የልጅ መጫወቻ" ከማለት በቀር ሌላ አስበው አያውቁም። ያን ቀን ግን የሚሄዱበት ሌላ ቦታ አጥተው ነው የመጡት።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ተናኘ የጉሮሮ ካንሰር ይዟቸው አልጋ ላይ ከዋሉ ሰንብተዋል። መጀመሪያ እንጀራው፣ ቀጥሎ ፍትፍቱ፣ በኋላ አጥሚቱ ሳይቀር አልወርድ አላቸው። ትኩስ ነገር ሁሉ ይለበልባቸዋል። ሐኪሙ አቶ ላቀውን ለብቻቸው ጠርቶ "ከእንግዲህ የሚቀላቸውን ብቻ ነው የምንፈልገው። ቀዝቃዛና ለስላሳ ነገር፣ እርጎም አይስክሬምም ቢሆን፣ የሚወርድላቸውን ይስጧቸው" ብሏቸው ነበር። አቶ ላቀው "ከእንግዲህ" የምትለዋ ቃል ምን ማለት እንደሆነች ገብቷቸዋል።

ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነው። የነፍስ አባታቸው ቤት ድረስ መጥተው "ለታመመ ሰው ተፈቅዷል፣ ልጄ" ቢሏቸው፣ ወይዘሮ ተናኘ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"አባቴ፣ ፈቃድዎን መናቄ አይደለም" አሉ በሳሳ ድምፃቸው። "መስገድ አልችልም። አቦ ደጅ ደርሼ መሳለም አልችልም። የቀረኝ ጾሜ ብቻ ነው። እሱን አያስጥሉኝ።"

ቄሱ ባርከዋቸው ሄዱ። አቶ ላቀውም ቀዝቃዛ፣ ለስላሳና የጾም የሆነ ነገር ፍለጋ ወጡ።

ሱቁ ውስጥ ከፊታቸው አንዲት ቀጭን፣ ሻርፕ የተከናነበች ወጣት ቆማለች። ከኋላ አላወቋትም። ባንኮኒው ላይ ያለችውን አስተናጋጅ ስትጠይቅ ግን ድምጿን ለዩት። እነሱ በሚኖሩበት ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ከእነሱ በታች ያለው ፎቅ ላይ የምትኖረው ሲሃም ነበረች። የምግብ ሳይንስ ተምራ በአንድ ብስኩት ፋብሪካ ጥራት ትቆጣጠራለች።

"ሦስት ነው የምፈልገው፣ እህቴ" ትላለች። "አንደኛው ሥጋ ለማይበላ የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ ወተት ግን ይጠጣል። ሁለተኛው ለጾመኛ ነው። ሦስተኛው የራሴ። ይሄ ከላይ የሚደረገው ለስላሳ ከረሜላ፣ ማርሽማሎው፣ ጀላቲን አለው? በኮኮናት የተሠራው የጾሙስ ከወተቱ ጋር በአንድ ማሽን ነው የሚወጣው?"

ቤቴል የምትባለው አስተናጋጅ ግራ ገባት። "እስቲ ጓዳ ጠይቄ ልምጣ" ብላ ገባች።

አቶ ላቀው ስለ አስተናጋጇ ተሸማቀቁ። ጠጋ ብለውም "ልጄ ሲሃም፣ ደኅና ዋልሽ ወይ?" አሉ።

"ጋሼ ላቀው! አላየሁዎትም እኮ። እትዬ ተናኘ እንዴት ዋሉ?"

"እንዳሉ አሉ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሽማግሌ ነህና ዝም በል አትበይኝና፣ ይቺን ልጅ ምነው እንዲህ አስጨነቅሻት? በእኛ ጊዜ ሰው ፊት ቀርቦ 'ምን ጨመርሽበት' ማለት ባለሙያን መስደብ ነው። የቀረበልንን አመስግነን እንበላለን፤ ካልፈለግን ትንሽ ቀምሰን እንተዋለን።"

ሲሃም በአክብሮት ጎንበስ አለች። "ልክ ነዎት፣ ጋሼ፤ አክብሮት ነው ያስተማራችሁን። ግን ልትዋሸኝ ትፈልጋለች ብዬ አይደለም። ያላሰበችበትን ነገር ካልጠየቅኳት እንዴት ትነግረኛለች? ጀላቲን የሚባለው ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚወጣ ነገር ነው። ሥጋ የማይበላው ጓደኛዬ እርጎውን ይበላል፣ ጀላቲኑን ግን አይበላም። እኔም ከምን እንስሳ እንደመጣ ሳላውቅ አልበላውም። ጾመኛዋ ደግሞ ወተትም ቅቤም እንቁላልም አትነካም። ማር ግን ትበላለች። ከእንስሳ የሚገኝ ምንም ነገር የማይበሉ ሰዎች ደግሞ ማሩንም ይተዋሉ። ሁላችንም የምንፈልገው መልስ አንድ ነው፤ ምን ገባበት?"

"ይሄ ሁሉ ለአንድ ኩባያ ጣፋጭ?"

"ለአንድ ኩባያ ነው፣ ጋሼ። ለእርስዎስ ልጠይቅልዎት?"

አቶ ላቀው ፈገግ ለማለት ሞከሩ። በዚህ ዕድሜያቸው በልጅ አፍ ማዘዝ አልዋጥ አላቸው። "አይ፣ ራሴ እጠይቃለሁ" አሉ።

ቤቴል ተመልሳ ማርሽማሎው ጀላቲን እንዳለው፣ ማሽኑ ግን በየመሃሉ እንደሚታጠብ ተናገረች። ሲሃም ኩባያዎቿን ያለ ማርሽማሎ አስሞልታ ስትወጣ ዞር አለች። "ከላይ የሚደረገውንም ይጠይቁ፣ ጋሼ። ብዙ ጊዜ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው።"

ተራቸው ደረሰ። "የጾም ስጪኝ፣ ልጄ። ለበሽተኛ ነው። ባለቤቴ ምግብ አልወርድ ብሏታል" አሉ።

የቤቴል ፊት ተለወጠ። እናቷን በሕመም ያጣች ልጅ ነበረችና ነገሩ ወደ ራሷ ቁስል ወሰዳት። ኩባያውን በኮኮናቱ እስከ አፉ ሞላች። ከዚያ ከአንዱ ጠርሙስ ካራሜል የሚሉትን ወርቃማ ጣፋጭ ፈሳሽ ከላይ አፈሰሰችበት። "ይሄ ከእኔ ነው፣ አባባ፤ አይከፍሉበትም። ጌታ ይማርልዎት" አለች።

አቶ ላቀው ካራሜሉን አዩት። የሲሃም ቃል ትዝ አላቸው፤ ጥያቄውም ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ልጅቷ ዓይኗ እንባ አቅርሮ እየሳቀችላቸው ነው። በነጻ የሰጠን ሰው ምን ተብሎ ይመረመራል? "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ብለው ወጡ።

ይሉኝታ የሚሉት ነገር እንዲህ ነው። ከውጭ ሲያዩት ትሕትና ይመስላል፤ ብዙ ጊዜም ትሕትና ነው። ነገር ግን ባንኮኒው ፊት በቆመው ሰውና በሻጩ መካከል የሚቀረው ዝምታ ዕዳው የሚወድቀው እዚያ ባልነበረ ሦስተኛ ሰው ላይ ነው። ያን ቀን ሦስተኛዋ ሰው ወይዘሮ ተናኘ ነበሩ።

ቤት ውስጥ ወይዘሮ ተናኘ የመጀመሪያዋን ማንኪያ ሲጎርሱ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቅዝቃዜው በዚያ በተቃጠለ ጉሮሮ ላይ ሲያልፍ ትከሻቸው ሲላላ አቶ ላቀው አዩ። "ወረደልኝ" አሉ በሹክሹክታ። ለብዙ ቀን ያልተሰማች ቃል ነበረች። ሁለተኛዋ ማንኪያ ካራሜሉን ይዛ መጣች። ወይዘሮ ተናኘ አፋቸው ውስጥ ያዙት። ቆዩ። ከዚያ ዓይናቸውን ገለጡ።

"ላቄ፣ ይሄ ወተት አለው።"

"የጾም ስጪኝ ብያት ነው እኮ።"

"ከላይ ያለውን ጠየቅህ?"

አቶ ላቀው ማንኪያውን ኩባያው ውስጥ መልሰው አስቀመጡ። ወይዘሮ ተናኘ በእጃቸው ጨርቅ ፈለጉ፤ ተፉት። አፋቸውን ደጋግመው ተጉመጠመጡ፤ ውሃው ራሱ ሲያማቸው ይታይ ነበር። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞሩ። ለማልቀስ እንኳ ጉሮሯቸው ስለማይፈቅድ ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል።

አልተቆጧቸውም። ቢቆጧቸው ይሻል ነበር። ከዚያ ወዲያ አቶ ላቀው ማንኪያ ይዘው ሲጠጉ ወይዘሮ ተናኘ ቀስ ብለው አፋቸውን ይገጥማሉ። "አትቀየመኝ፣ አውቀህ እንዳላደረግከው አውቃለሁ" ይላሉ። አፋቸውን ግን ለውሃ ብቻ ነበር የሚከፍቱት። አብረዋቸው ባረጁት ሚስታቸው ዘንድ እጃቸው እንዲህ መፈራቱ አቶ ላቀውን ከበሽታው በላይ ሰበራቸው።

በሦስተኛው ቀን ሲሃም የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ ቁጭ ብለው አገኘቻቸው። ምን እንደሆኑ ብትጠይቃቸው ሁሉንም ነገሯት። አልወቀሰቻቸውም፤ አጠገባቸው ተቀመጠች።

"ልጄ፣ የነገርሽኝ ገብቶኝ ነበር" አሉ። "ግን በስጦታ ነው የሰጠችኝ። አይሆንም ብላት ቅር አይላትም?"

"ሊላት ይችላል፣ ጋሼ። ግን እስከ ማታ ይረሳታል። እርስዎ ያዘኑት ግን ይኸው እስከ ዛሬ አልተረሳዎትም።"

"እሺ፣ ብጠይቅስ? 'የጾም ነው' ካለችኝ ሌላ ምን እላለሁ?"

"'የጾም ነው ወይ' ብለን ስንጠይቅ ሰው ሊያስደስተን ሲል አዎ ይላል። ምን ምን እንደገባበት ይጠይቁ። በምን እንደተፈጨ፣ ዕቃው ቀድሞ ምን እንደነካ ይጠይቁ። ከዚያ ለማን እንደሆነና ለምን እንደጠየቁ ይንገሩ። ምክንያቱን ያወቀ ሰው አይሰደብም፣ ጋሼ፤ ያግዛል።"

"እኔ አክብሮት መስሎኝ ነበር" አሉ አቶ ላቀው። "ለማላውቃት ልጅ ተጨንቄ ሚስቴን ረሳኋት።"

ተያይዘው ወደ ሱቁ ሄዱ። ቤቴል የሆነውን ስትሰማ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"አባባ፣ እኔ እኮ አዝኜ ነው" አለች። "በእኛ ቤት ጾም ሲባል እህል ውሃ ሳይቀምሱ መጸለይ ነው። ካራሜሉ ወተት ይኑረው አይኑረው አስቤውም አላውቅ።"

"ቸርነትሽን አልነቅፍም፣ ልጄ" አሏት አቶ ላቀው። "አንቺ ሳትጠየቂ ሰጠሽ፤ እኔ ሳልጠይቅ ተቀበልኩ። ዛሬ ሁለታችንም እንነጋገር። ባለቤቴ የቀራት ነገር ጾሟ ነው። ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል ያልነካው ቀዝቃዛ ነገር ልትሠሪልኝ ትችያለሽ?"

ቤቴል አሰበች። "ማሽኑ ሁለቱንም ስለሚያወጣ አላምነውም" አለች። "ግን የበረደ ማንጎና ሙዝ አለ። የጁስ መፍጫውን በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥቤ እፈጭልዎታለሁ። ትንሽ ስኳር ብቻ ልጨምር?"

"ከላይስ?"

"ከላይ ምንም።"

መፍጫው ሲታጠብ፣ ማንጎው ሲገባ፣ ኩባያው ሲከደን አቶ ላቀው ቆመው አዩ። ማንም አልተሰደበም።

ቤት ሲደርሱ ወይዘሮ ተናኘ ኩባያውን አይተው ፊታቸውን ሊያዞሩ ሲሉ፣ አቶ ላቀው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። "ማንጎ ነው፣ ተናኜ። ሙዝ አለበት፣ ትንሽ ስኳርም። ከዚያ ውጭ ምንም የለውም። መፍጫው በሳሙና ሲታጠብ ቆሜ አይቻለሁ። ካራሜሉን የሰጠችኝን ልጅ ጠየቅኳት፤ አልተቀየመችኝም።"

ወይዘሮ ተናኘ ባላቸውን ትኩር ብለው አዩአቸው። "አንተ ጠየቅህ?" አሉ።

"ጠየቅኩ።"

አፋቸውን ከፈቱ። ሦስት ማንኪያ ወሰዱ፤ ከዚያ በላይ አልቻሉም። ከዚያ ቀን በኋላ በየቀኑ ያንኑ ይወስዱ ነበር፤ አንዳንድ ቀን ሁለት ማንኪያ፣ አንዳንድ ቀን ከንፈራቸውን ማርጠቢያ ያህል። አልዳኑም። የሚያድናቸው ነገር እንዳልሆነ ሁሉም ያውቁ ነበር። ሆሳዕና ሳይደርስ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ እጃቸው በባላቸው እጅ ውስጥ እንዳለ አረፉ። መካኒሳ አቦ ተቀበሩ።

በሠልስቱ ድንኳን ውስጥ ሻይ ሲዞር የግንባታ ሠራተኛው ጎረቤታቸው ሂርጳ ብርጭቆውን ተቀብሎ ሳይጠጣ ይዞት ተቀመጠ። የስኳር በሽተኛ ነው። ጎንበስ ብሎ አሳላፊዋን "ስኳር ገብቶበታል ወይ?" ሲላት፣ የዕድሩ ዳኛ አቶ ከበበው ሰሙት።

"ሂርጳ፣ ለቅሶ ቤት እኮ ነው" አሉት ቀስ ብለው። "ያዘነ ሰው ቤት የቀረበ አይመረመርም። ፉት በለው።"

ሂርጳ አፍሮ ብርጭቆውን ወደ አፉ ሊያነሳ ሲል አቶ ላቀው ከፍራሻቸው ተነሡ።

"ተው፣ ሂርጳ፣ አትጠጣው" አሉ። "አቶ ከበበው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ሐዘንተኛው እኔ ነኝ። በእኔ ቤት ይጠየቅ። ባለቤቴ ካራሜል አፏ ገብቶ ያለቀሰችው እኔ ለመጠየቅ አፍሬ ነው። ሂርጳ በእኛ ይሉኝታ ቢታመም ነገ ለቅሶው ቤት የምንሄደው እኛው ነን። የሚበላውን የሚጠይቅ ሰው ቤታችንን አልናቀም፤ ምን እንደሚያስፈልገው ነገረን እንጂ። ሠሪም ቢሆን ሲጠየቅ ሙያው ይሻሻላል። ያቺ ካራሜሉን የሰጠችኝ ልጅ አሁን የጾሙን መፍጫ ለብቻው አድርጋዋለች፤ ለገባ ሁሉ 'የማይበሉት ነገር አለ ወይ?' ትላለች። ጾመኛውም፣ ሙስሊሙም፣ ሥጋ የማይበላውም፣ በሽተኛውም በአንድ ጠረጴዛ ሳይፈራ ይቀመጣል። ከዚህ የበለጠ አክብሮት እኔ አላውቅም።"

ከሴቶቹ በኩል ከሲሃም ጎን ተቀምጣ የነበረችው ቤቴል አንገቷን ደፍታ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች።

አቶ ከበበው ተነሥተው ብርጭቆውን ከሂርጳ እጅ ራሳቸው ተቀበሉ። "ስኳር የሌለው ይቅዱለት" አሉ አሳላፊዋን። ቀጥለውም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "ሌላስ ስኳር የማይወስድ አለ?" ብለው ጠየቁ። ከዚህም ከዚያም፣ ምናልባት ለዓመታት ዝም ብለው ሲጠጡ የኖሩ፣ እጆች ቀስ ቀስ እያሉ ተነሡ።

አቶ ላቀው ቦታቸው ተመልሰው ተቀመጡ። አቶ ከበበው አጠገባቸው ቁጭ ብለው "በመጨረሻ ግን ምግብ ይወርድላት ነበር?" ሲሉ በሹክሹክታ ጠየቋቸው።

"ጥቂት" አሉ አቶ ላቀው። "ምን እንዳለበት ትጠይቀኛለች፣ እነግራታለሁ፣ ትወስዳለች።"

ሌላም ሊናገሩ አፋቸውን ከፍተው ነበር። ከቀብር ወዲህ ይዘውት የቆዩት ልቅሶ አሁን መጣ፤ አቶ ከበበውም ትከሻቸውን ያዙላቸው።