ስፌት ልትማር ሄዳለች

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ሰውን ቶሎ የሚጨርሰው በሽታ ነው ወይስ ዘመድ? አትሳቁ፣ መልሱልኝ። ቆይ እኔው ልንገራችሁ።

በእኛ ጊዜ የሳንባ ነቀርሳ የያዘው ሰው ከራሱ በፊት ስሙ ይሞት ነበር። ወላይታ ውስጥ ቤሌ ሳለን፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ታጭቻለሁ፣ እና ሳል ያዘኝ። ሳል ስላችሁ እንደ እናንተ ጉንፋን አይደለም፣ ደም ያለው ሳል። ታዲያ ታላቅ ወንድሜ አንጁሎ፣ ይኸው የእናንተው አያት፣ ዱቦ ካቶሊክ ሚሽን ሐኪም ቤት ወስዶ ለመነኮሳቱ አስረከበኝና ተመለሰ። ለጎረቤት ምን አለ መሰላችሁ? "አስቴር? አስቴርማ ስፌት ልትማር ሄዳለች!"

እኔ ዱቦ ወራት ሙሉ መርፌ እወጋለሁ፣ ቤሌ ደግሞ ሰው ጨርቅ ያጠራቅምልኛል። ድኜ ስመለስ የቤተ ክርስቲያናችን ወንጌላዊ ሚስት በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። "እሰይ መጣሽልኝ! በይ ይህን ጨርቅ ለመዝሙር የምለብሰው ቀሚስ አድርጊልኝ!" አንጁሎን ባየው ዓይኑን ጣሪያ ላይ ሰቅሏል። እና ሰፋሁላት፣ ምን ላድርግ! እሑድ መዝሙር ልትመራ ስትነሳ አንደኛው እጅጌ ክንዷን ይዞ አላስነሳ አላት። ጉባኤው በሁለት እጁ ያጨበጭባል፣ እሷ አንድ እጇን ብቻ ታወዛውዛለች። ከዚያ ወዲያ ጨርቅ ያመጣልኝ የለም።

እጮኛዬም አልመጣም። ለምን እንደቀረ የነገረኝ ሰው የለም። እና ድሬዳዋ ሄድኩ፣ በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጽሐፍ ሳድልና ሳነብ አረጀሁ። አምና አንጁሎ ወደሚኖርበት ወደ ሶዶ ስመጣ ይዤ የመጣሁት መጽሐፎቼንና እነዚህን ጣቶች ነው። እዩዋቸው እንዴት እንዳበጡ። ጠዋት ጠዋት ገጽ መግለጥ አቃተኝ። ገጽ መግለጥ ካልቻልኩ ደግሞ የቀረው ዕድሜ ምን ያደርግልኛል?

ታዲያ ባለፈው ማክሰኞ ሐኪም ቤት ሄድኩ፣ አንጁሎም "ብቻሽን አትሄጂም" ብሎ ተከተለኝ። ዶክተሩ ከጎጃም የተመደበ ለጋ ልጅ ነው። "እማማ" አለኝ፣ "ይህ ቁርጥማት የሰውነት መከላከያ የገዛ ራሱን መገጣጠሚያ ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። መድኃኒት አለው። ግን መድኃኒቱ መከላከያውን ስለሚያዳክም የተኛ ቲቢ ካለ ሊቀሰቅሰው ይችላል። ቲቢ ታመው ያውቃሉ?"

አፌን ሳልከፍት አንጁሎ "በቤታችን የለም! በዘር ማንዘራችን የለም!" አለ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ሚቼ" አለኝ፤ እህቴ ማለቱ ነው፣ ሲጨንቀው ብቻ ነው በወላይትኛ የሚጠራኝ። "ሚቼ፣ ቅዳሜ ለልጅ ልጄ ለትዕግስት ሽማግሌዎች ይመጣሉ። በሽታው በዘራቸው አለ ቢሉስ?"

"ጣቶቼስ?"

"ጣት ይታሻል!"

"ታምሜያለሁ፣ ዶክተር" አልኩ፣ ድምፄ ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ። "ዱቦ ታክሜ ነው የዳንኩት።"

አንጁሎ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ዶክተር፣ እኔም ገና ዛሬ መስማቴ ነው። ደብቃን ነው።"

"አንተ! ማን ነው የወሰደኝ?"

"ስፌት ልማር ነው ብለሽኝ እኮ ነው!" አይለኝ መሰላችሁ!

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። "ለእጮኛዬ አባትም እንዲህ ነበር ያልካቸው? በሽታዋን ደብቃን ነው ብለህ?"

ወለሉን ወለሉን አየ። "ኋላ ከሌላ ቢሰሙ የቤታችን ስም ይጠፋል ብዬ ነው" አለ። ዶክተሩ ግራ ገብቶት እስክሪብቶውን ይፈልጋል፤ እስክሪብቶው እጁ ላይ ነው።

እኔም ነገሩን ላብርድለት ብዬ "ይህን ያመጣብኝ ያ የድሮው ቲቢ ነው እንዴ?" አልኩት።

"እርግጡን የሚያውቅ የለም፣ እማማ። ይያያዛሉ ወይ ብለው የሚያጠኑ አሉ። የሰውነታችን የመከላከያ ወታደሮች ያንን ተህዋስ ሲዋጉ ቆይተው መልኩን ከራሳችን ሰውነት ጋር ያምታቱት ይሆናል ይላሉ። ግን ብዙ ሰው ከቲቢ ይድናል፣ ቁርጥማትም አያገኘው። ቲቢ ያልነካውም በቁርጥማት ይታመማል።"

"ጠላት አባርረው ሲያበቁ የቤቱን ሰው የሚደበድቡ ወታደሮች ናቸዋ!" አልኩት። "አንዱን አውቀዋለሁ፣ ይኸው አጠገቤ ተቀምጧል።" ዶክተሩ ሳቁን መያዝ አቃተው። አንጁሎ አልሳቀም።

ከዚያ ራጅ አነሱኝ፣ አክታና ደም መረመሩ፣ "ጠባሳው አለ፣ የነቃ ነገር ግን የለም፣ እየተከታተልን እንጀምራለን" አሉኝ። ክኒኑን ጀምሬያለሁ። ቅዳሜም ሽማግሌዎቹ መጡ፣ ወሬው ቀድሟቸዋል። አንጁሎ ላብ በላብ ሆኖ ሊያስተባብል ሲል ትልቁ ሽማግሌ "ታዲያ ድናለች አይደል? እኛም ቤት ታክመው የዳኑ ሁለት አሉ፣ አንዱ እኔ ነኝ!" አሉ። አያችሁልኝ? የእኔ ትዳር የተሰዋው ለዚህ ነው።

ምነው ትዕግስት፣ ምን ትያለሽ? ጮክ በይ።

"አያቴ ውጭ ተቀምጦ እያለቀሰ ነው፣ እማማ አስቴር። ሠርጌ ሳይደርስ ይቅር በዪው።"

ያልቅስ። ሠርግሽ ላይ እመጣለሁ፣ እበላለሁ፣ እመርቅሻለሁ። ይቅርታ ግን የለኝም። እሱንም፣ እኔን ሳይጠይቅ የቀረውን እጮኛዬንም፣ እያወቀ ዝም ያለውንም ሁሉ። ማንንም ይቅር አልልም።