የሃያ አንድ ቀን ዳክዬ

ይግቡ፣ እትዬ፣ ይግቡ። በሩን ብቻ ገርበብ ያድርጉት፤ መሞከሪያ ክፍሉ ሙቀት ካመለጠው የእንቁላል መፈልፈያ ማሽኖቹ ያኮርፋሉ። ወንበሩን አብሼልዎታለሁ። ጉልበትዎን ተሻለዎት? ይኼ ደረጃ ለጤነኛም አይመች... እኔ የምፈርምበትን የማሽን መውጫ ወረቀት ይዘው መጡ? ይደርሳል። ማሽኑን የሚጭነው መኪና በር ላይ ቆሟል አሉኝ፤ የቆመ መኪና አይደክመው።

የዳክዬው ደንበኛ ጉዳይ ነው አይደል? ማሽኑን የመረጠለትን ሰው ሳላደንቅ አላልፍም። ስሙን አልጠራም፤ እርስዎም ላያውቁት ይችላሉ። አፍንጫውን ከየት እንዳመጣው ግን... ዛሬ መስተዋት ሲያዩ ይገባዎታል።

ምርጫውን ከእጄ ከወሰደልኝ ወዲህ አርፌያለሁ። እኔ እንግዲህ ዲፕሎማ የለኝ፤ ያለኝ የመፈልፈያዎቹን መመሪያ በመዝገበ ቃላት ስፈታ የኖርኩት ሃያ ዓመት ብቻ ነው። ከውጭ ገዢ ሲመጣ ሦስት ነገር እጠይቅ ነበር። የምን እንቁላል ነው? በአገርህ መብራት ስንት ሰዓት ይጠፋል? ማሽኑን ማን ይጠብቃል? የሞኝ ጥያቄ! እሱ ምን ሊያደርግለት? ሳይጠይቅ ያውቃል። የማይጠይቅ አፍ ዝንብም አይገባበት።

መብራት እንደ እንግዳ ብቅ የሚልበትን ያንን አገር ያስታውሳሉ? የባትሪ መግጠሚያውን አስወጥቶ ትልቅ ስክሪን አስገባላቸው። ውበቱ! ገዢው ራሱ ጻፈልን፤ "ስክሪናችሁ ግሩም ነው፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ፊቴን አይበታለሁ" አለ። እንቁላሎቹማ... ይቅር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው ለዝግተኛ ነው፤ የእሱ ማሽኖች በመርከብ ሄደው በመርከብ ተመለሱ። ጥፋቱስ የማን ሆነ? የፈራሚዋ። ፈራሚዋማ ይኼው ፊትዎ ቆማ ወንበር ታብሳለች።

ዛሬ ደግሞ ለዳክዬው ሰው በሃያ አንደኛው ቀን በራሱ የሚጠፋ ማሽን መርጧል። ሰው እንዳይደክም አስቦ እኮ ነው... ደግነቱ! ለዶሮ ሃያ አንድ ቀን ይበቃታል። ዳክዬ ሃያ ስምንት ትፈልጋለች፤ ግን እሷ ማን ናት? የተማረ ሰው ቀን ከቆረጠላት ትቸኩል እንጂ። ትሪውም ለዶሮ እንቁላል የተበጀ ነው። የዳክዬው ይጥበበው፤ ትሕትና ይማራል።

እስቲ ይቺን አምፖል ይዩልኝ። በሰባተኛው ቀን እንቁላሉን ፊቷ እንይዘዋለን። ሕይወት የያዘው ቀጫጭን የደም ሥር አውጥቶ ይታያል። ሌላው ደግሞ ከላይ ሲያዩት እንከን የለው፤ ነጭ፣ ለስላሳ፣ ሙሉ... ብርሃኑ ግን ወዲያ ማዶ ያልፍበታል። ምስኪን! ሙቀት እንኳ አልጎደለበትም።

እስክሪብቶውን አልነካውም፣ እትዬ። ወረቀቱን ይመልሱለትና የመረጠው ይፈርም፤ ክብሩን ልሻማው? ሌላ መኪናም አለ፣ ሌላ ቀንም አለ።

ምርቃቴን ግን ያድርሱልኝ። ዕድሜ ይስጠው። ወንበሩ ይመቸው። የእህት ሙቀት አይለየው። ፈጣሪ ጠብቆት፣ ጠጉሩ እስኪሸብት ድረስ... ማንም ከጭንቅላቱ ኋላ አምፖል አያብራበት።

አሜን ይበሉ እንጂ፣ እትዬ።